ሁለት መስመር

ምቶኮ ወጥ ቤቱ መሃል ይጨፍራል። በአንድ እጁ ጣት የምታህል ነጭ መመርመሪያ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ በሌላው እህቱን ከወንበሯ ለማስነሳት ይጎትታታል። ኖክዋዚ የሒሳብ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ አልነሳም አለች። ነገ ፈተና አለባት፤ ወንድሟ ሲጨፍር ደግሞ አንድ ነገር ሳይሰበር አይቀርም።

«እዪው፣ ኖኪ። ሁለት ነው፤ ሁለት መስመር።»

አየችው። በሰፈራቸው በኡምላዚ ሁለት መስመር ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። መመርመሪያዋን የታክሲ መናኸሪያው ላይ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ለመጣ ለሄደው በነጻ ያድሏታል። ድድን ጠረግ ማድረግ፣ ውሃዋ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ መስመር ከወጣ ተመስገን ይባላል። ሁለት ከወጣ ኤች አይ ቪ ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ ይኬዳል። ኖክዋዚ ሁለት መስመር አይቶ ያለቀሰ ሰው ታውቃለች። በሩን ዘግቶ ስለተኛም፣ ወደ ፓስተሩ ስለሮጠም ሰምታለች። የጨፈረ ግን አይታም ሰምታም አታውቅም።

«ቡቲ፣ አብደሃል እንዴ?» አለችው፤ ታላቅ ወንድሟን ቡቲ ነው የምትለው።

«ፈታ በይ አቦ። ይሄ የደስታ ሁለት ነው።»

ምቶኮ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድልድዩ ሥር መኪና ያጥባል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከተማው ዳር ባለው የጥናት ማዕከል ኤች አይ ቪን ይከላከላል ተብሎ የሚጠበቅ አዲስ ክትባት ከሚሞከርባቸው ወጣቶች አንዱ ሆኗል። ግማሾቹ ክትባቱን ይወጋሉ፤ ግማሾቹ የጨው ውሃ። ማን የትኛውን እንደወሰደ የሚያውቀው ዕጣውን ያወጣው ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ነርሶቹም አያውቁም። ምቶኮ ደግሞ የተጠቀለለ ነገር ሳይፈታ ማደር የማይችል ሰው ነው። በልጅነቱ የገና ስጦታውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ አይቶ፣ መልሶ እየጠቀለለ ያስቀምጥ እንደነበር እናታቸው እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

ዘዴውን የነገሩት አብረውት የሚወጉ ልጆች ናቸው። የቤት መመርመሪያ ቫይረሱን አያይም፤ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመመከት የሠራቸውን ጠባቂዎች ነው። ክትባቱም ሰውነትን የሚያስተምረው እነዚያኑ ጠባቂዎች እንዲሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር የወጣለት ልጅ የተወጋው እውነተኛውን ነው፤ አንድ የወጣለት የጨው ውሃ ሲወጋ ከርሟል። ከማዕከሉ ውጭ የትም እንዳይመረመሩ በግልጽ ተነግሯቸዋል። ቢሆንም የከለከሉት ነገር ይጣፍጣል፤ ልጆቹም በየቤታቸው መስመር ይቆጥራሉ።

ኖክዋዚ ሁሉንም ሰማችው። ከዚያ ጠየቀች፤ «ያው መመርመሪያ ግን አንተ ጥናት ውስጥ መሆንህን በምን ያውቃል?»

«ምን ማለት ነው?»

«ጥናት ውስጥ ባትሆን ኖሮ ሁለቱ መስመር ምን ማለት ይሆን ነበር?»

ምቶኮ ለአፍታ ጭፈራውን ገታ። ከዚያ ግንባሯን በጣቱ ኮርኩሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፕሮፌሰር ብዬ ነው የምጠራሽ አላት። መመርመሪያዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ የቆሻሻ መጣያው ታችኛው ክፍል ውስጥ ቀበራትና እያፏጨ ወጣ። ለእናታቸው ትንፍሽ እንዳትል በሩ ላይ ዞሮ አስጠነቀቃት።

በማግስቱ ፈተናው ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደጋግማ አነበበችው። ባቡር ከአንድ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል። ሄደ፤ ኖክዋዚ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበረች። እግሯ ከጠረጴዛው ሥር አልረጋ አለ። ከፊቷ ያለችው ልጅ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ገላመጠቻት፤ መምህሩም አጠገቧ መጥተው ቆሙ። የሚያስጨንቃት ምን እንደሆነ ለራሷም ለመናገር አልደፈረችም። ወረቀቷን ግማሹን ባዶ አድርጋ መለሰች።

አባታቸው የሞተው ኖክዋዚ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። በሳንባ ነው ይባላል። ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ፎቶው ሲወለወል፣ ሁሌም በሳንባ ነው። ሌላውን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ጠርቶት አያውቅም። እናታቸው ዳቦ ቤት ተቀጥራ ሌሊት ሌሊት ትሠራ ስለነበር፣ አባቱን ሲያጥብና ሲያጎርስ የነበረው ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረው ምቶኮ ነው። ጥናቱ ውስጥ ሲገባ ምክንያቱን አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም፤ ሁሉም ግን አውቆታል። ኖክዋዚ ያን ቀን በወንድሟ ኮርታ ነበር። አሁንም ትኮራበታለች፤ ክፋቱም እሱ ነው።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ በድልድዩ በኩል ዞረች። ምቶኮ የአንድ ሚኒባስ ታክሲ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያጥባል፤ ከሥር ጓደኛው ቤኪ ጎማ ይፈትጋል። ሬዲዮው ይጮሃል። ኖክዋዚ ሰላም ሳትላቸው በፊት ምቶኮ ከኪሱ አንድ የኮንዶም ካርቶን አወጣና ቁልቁል ለቤኪ ወረወረለት። ክሊኒክ በነጻ የሚታደለው ነው።

«ያዘው፣ ለኔ ከእንግዲህ ምንም አይሠራልኝም» አለው። «እኔ ብረት ለብሻለሁ።»

«ታንዴካስ ምን አለች?» አለ ቤኪ እየሳቀ።

«ታንዴካ ምን ታውቃለች? ደስ ይላታል።»

ኖክዋዚ ሳያዩዋት ተመለሰች። ታንዴካ የምቶኮ ፍቅረኛ ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ባለች የኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ኖክዋዚ አምና ትምህርት ቤት ወድቃ ራሷን ስትስት የደንበኛ ፀጉር ግማሽ ላይ ትታ እየሮጠች የመጣችው ታንዴካ ነበረች። ማንም አልጠራትም፤ ሰማች፤ መጣች። ኖክዋዚ እህት የላትም ያለ ሰው ቢኖር ያን ቀን ያፍር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሲሲ፣ እህቴ፣ ነው የምትላት።

ሐሙስ ዕለት ከነዩኒፎርሟ ወደ ቤት የሚወስደውን ታክሲ ትታ ወደ ጥናት ማዕከሉ የሚሄደው ላይ ተሳፈረች። በመንገድ ላይ ሁለቴ ወርዳ ልትመለስ ቃጣት። ምን ብላ ነው የምትጠይቀው? ወንድሜ ይህን አድርጓል ብትል እሱን አሳልፋ ሰጠች። ዝም ብትል ደግሞ ታንዴካን። ማዕከሉ በር ላይ ስትደርስ ውሸቷን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር።

የተቀበሏት ሲስተር ማቡዛ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወፍራም ነርስ ናቸው። ኖክዋዚ አንድ ጓደኛ እንዳላት፣ የጓደኛዋ ዘመድ ደግሞ አንድ ጥናት ውስጥ እንዳለ ነገረቻቸው። ሲስተር ማቡዛ የጓደኛ ዘመድ ነገር ስንት ዓመት ሲመጣባቸው የኖረ ሰው ናቸው፤ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። ስለ ማንም ሰው ምንም ሊነግሯት እንደማይችሉ፣ እሷም ስም እንዳትጠራ አስቀድመው ነገሯት። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«የቤቱ መመርመሪያ የሚሰማው የውሻውን ጩኸት ነው፣ ልጄ» አሏት። «ውሻው የሚጮኸው ሌባ ገብቶ ይሁን እየተለማመደ ይሁን መመርመሪያው አያውቅም። እኛ ዘንድ ሌላ ምርመራ አለ። ሌባውን ራሱን የሚፈልግ።»

«ክትባቱን እንደወሰደ ግን እርግጠኛ ነው።»

«ቢወስድስ?» መነጽራቸውን አጠለቁና አዩዋት። «ክትባቱ እንደሚሠራ ማን ነገረው? እኛ እኮ እዚህ የተሰበሰብነው ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ብናውቅ ኖሮ ጥናት አይባልም ነበር።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር እሷም ምቶኮም እንዴት ሳያስቡት ቀሩ? ክትባት ሲባል ሁሉም ሰው በሽታው በር የተዘጋበት አድርጎ ነው የሚያስበው።

ልጁ ቢመጣ ከጥናቱ ይባረር እንደሆነ ጠየቀች። ሲስተር ማቡዛ ሳቅ አሉ። «እቆጣዋለሁ። ከተቆጣሁት በኋላ ሻይ እሰጠዋለሁ። ደሙን እንወስድና ጥቂት ቀን ጠብቆ መልሱን ይሰማል። ቫይረሱ ከተገኘ በዚያው ሰሞን መድኃኒት ይጀምራል፤ እንደኔ አርጅቶ ወገቡን እስኪያመው ይኖራል። እስከዚያ ግን ይጠንቀቅ። የሚወዳት ልጅ ካለችው ደግሞ አብራው ብትመጣ ጥሩ ነው፤ ለሷም የሚሆን መከላከያ አለን። የሚነግራት ግን እሱ ነው፤ የሱ ጉዳይ ነው።»

«እሱ ባይነግራትስ?»

ሲስተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ኮሪደሩ ላይ የሚጠሯቸው ሰዎች ነበሩ። «ሃያ ዓመት ሠርቼ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አላገኘሁም» አሉና ትከሻዋን ዳብሰው ተነሱ።

ዓርብ ማታ እናታቸው እራት እያቀረበች ሳለ ኖክዋዚ ወንድሟን ጓሮ ባለችው ቧንቧ አጠገብ አገኘችው፤ ጫማውን ያጥባል። የሄደችበትን ሁሉ ነገረችው። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ማን ላከሽ፣ ማን ጠየቀሽ፣ ስሜን ጠራሽ ወይ እያለ ወረደባት። ስሙን እንዳልጠራች ማለችለት። ከዚያ ጫማውን ማሸት ቀጠለ፤ ጫማው ከጸዳ ግን ቆይቷል።

«ሲስተሯ ይቆጡሃል፤ ከዚያ ግን ሻይ ይሰጡሃል» አለችው ልታስቀው።

አልሳቀም። «ኖኪ፣ እስካልሄድኩ ድረስ ክትባቱ ነው» አላት። «ገባሽ? ከሄድኩ ሌላም ሊሆን ይችላል።»

ኖክዋዚ ያኔ ገባት። ጭፈራውም፣ ፉጨቱም፣ ብረት ለብሻለሁ ማለቱም ፍርሃት ነበር። ከመመርመሪያዋ ቀን ጀምሮ ወንድሟ እንቅልፍ እንዳልተኛ ዓይኖቹን አይታ ያላወቀችው እሷ ናት። አዘነችለት።

«እንዴት ሌላ ይሆናል? ስትጠነቀቅ አልነበር?»

«ሁልጊዜማ ማን ይጠነቀቃል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከታንዴካ ጋር ተጣልተን የነበረ ጊዜ… ተይው። ላንቺ የሚነገር አይደለም።» ጫማውን ደፍቶ ውሃውን አንጠፈጠፈ። «አባዬን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ኖኪ። አንቺ አታስታውሺም። ከወገቡ ሳነሳው ከኔ ይቀል ነበር።»

«ያኔ መድኃኒቱ እንደ አሁኑ በቀላሉ አይገኝም ነበር። አሁን ግን አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ለምን አትሄድም?»

«ማወቅና እግር ለየብቻ ናቸው።»

ከውስጥ እናታቸው ፑቱው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ እየቀዘቀዘ ነው ብላ ተጣራች። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ኖክዋዚ የምትለውን ታክሲ ውስጥም ክፍል ውስጥም ስትለማመደው ውላለች፤ አሁን ግን መናገሩ ከበዳት። ወንድሟ ነው። ከዕርሳስ አያያዝ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው።

«ነገ ታንዴካ ፀጉሬን ልትሠራኝ ትመጣለች» አለችው። «ሠርታ እስክትጨርስ ንገራት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

«አታደርጊውም።»

«አደርገዋለሁ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ታንዴካ በጣቶቿ መሃል ማበጠሪያ፣ በክንዷ ትኩስ ማግዊንያ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ኖክዋዚን ግቢው ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ራሷ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተሰይማ ፀጉሯን መክፈል ጀመረች። እናታቸው ከሥራ ገብታ ተኝታለች። ምቶኮ ለጎረቤት መኪና ውሃ ይቀዳል፤ ባልዲውን ይሞላል፣ ያወጣል፣ ደግሞ ባዶውን ይዞ ይገባል። ባለፈ ቁጥር ኖክዋዚ በዓይኗ ትከተለዋለች፤ ታንዴካ አገጯን ይዛ ወደፊት ትመልሳታለች።

«አትቁነጥነጪ እንጂ፣ ጉንዳን ወረረሽ?» አለቻት። «ጠማማ ሹሩባ ሠርቼ ሰው ያየሻል፤ ከዚያ የሚጠፋው የኔ ስም ነው።»

ታንዴካ ብዙ አወራች። በቅርቡ የራሷን ኮንቴይነር መከራየት ታስባለች፤ ግድግዳውን ቢጫ ነው የምትቀባው፤ ምቶኮ አረንጓዴ ይሻላል ብሎ ተከራክሯታል፤ ምቶኮ ስለ ቀለም ምን ያውቃል? ሰሞኑን ደግሞ የሆነ ሙድ ይዞታል፣ አንዴ ይስቃል አንዴ ይዘጋል፤ እናንተ ቤት ምን አድርጋችሁት ነው አለች። ኖክዋዚ እግሯን እርስ በርስ አቆላለፈች። ጣቶቹ ከጆሮዋ ወደ ማጅራቷ እየወረዱ ነው። ጊዜው ከፀጉሯ ጋር እያለቀባት ነበር።

ምቶኮ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደነሱ አንድ እርምጃ መጣ፤ አፉንም ከፈተ። ታንዴካ ቀና ብላ፣ ምነው ፈለግከኝ አለችው። ሳሙና አልቆብኝ ነው አለና በውጭ በሩ ወጥቶ ሄደ። ሳሙናው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

ኖክዋዚ የበሩን መዘጋት ሰማች። የሚመለስ አልመሰላትም። አሁን እንባዋ መጣ፤ በንዴት ይሁን በሐዘን አልለየችውም። የሱ ጉዳይ ነው ብለዋል ሲስተሯ፤ ልክ ናቸው። የታንዴካ ሰውነት ግን የታንዴካ ነው። ስለ አባታቸው፣ ስለ ጥናቱ፣ ስለ ምቶኮ ፍርሃት መናገር የሷ ድርሻ አይደለም፤ ታንዴካ እንድትጠነቀቅና እንድትመረመር መንገር ግን ከማንም ፈቃድ የሚጠየቅበት አልመሰላትም። ከዚያ በኋላ ምቶኮ ዓመት ሙሉ ሊያኮርፋት ይችላል። ዕድሜ ልኩንም ሊሆን ይችላል።

«ሲሲ፣ ተይው በቃ» አለች።

«ምኑን?»

«ፀጉሩን። ከፊቴ ነይ። ፊትሽን እያየሁ ነው የምነግርሽ።»

«ጥቂት እኮ ነው የቀረው፣ ምን ነካሽ?» ታንዴካ ግን የድምፅዋ ነገር አላማራትም። ማበጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ኖክዋዚ በርጩማው ላይ እንዳለች ዞረች። ጉልበታቸው ተነካካ። ታንዴካ እንባውን አየችና በመዳፏ ጠረገችላት፤ ማን ምን አደረገሽ እያለች ጠየቀቻት፤ ኖክዋዚ ማንም ምንም እንዳላደረጋት ነገረቻት።

«ስለ ቡቲ ነው» አለች ኖክዋዚ። «ስላንቺም።»

በዚህ መሃል የውጭው በር ተከፈተ። ምቶኮ ሳሙና አልያዘም። ግንባሩን አልቦታል፤ እጁን በሩ ላይ እንደደገፈ ቀረ። ኖክዋዚ ከታንዴካ ትከሻ በላይ አየችው፤ እሱም አያት። ተዪ አላላትም። ቀጥዪም አላላትም።

የጀመረችውን ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው። ከበርጩማው ተነሳችና ቆማ ጠበቀችው። ግቢውን የሚያቋርጥበት ጊዜ ረጅም ሆነባት። ደርሶ ተቀመጠ፤ ከታንዴካ ፊት፣ ኖክዋዚ በተነሳችበት ቦታ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ጭኑ ላይ አስቀመጣቸው።

«የምነግርሽ ነገር አለ፣ ታንዴካ» ሲል ሰማችው።

ኖክዋዚ ወደ ቤት ገባች። ያልተሠራውን ማጅራቷን በእናቷ ሻሽ ሸፈነችና ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ቆመች። ወደ ጥናት ማዕከሉ እንሂድ ያለ ግን ገና ማንም የለም።